ዊንዶውስ 10 ይቆይ፣ 11 ይጫን ወይስ ሊኑክስ? ከመወሰናችሁ በፊት

ከወረዳው ፊት ለፊት ትንሽ የጽሕፈት ሥራ ቤት አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ሲቪ አሳምራለሁ። ኮምፒውተር ጥገና ሥራዬ አይደለም፤ ግን ላፕቶፑን በጀርባው አዝሎ መጥቶ "እስቲ አንዴ እዪልኝ" የሚል ሰው አይጠፋም። ከጊዜ ወዲህ ደግሞ ጥያቄው ሁሉ አንድ ሆኗል። ዊንዶውስ 10 አበቃለት ይባላል፤ ምን ላድርግ? 11ን ልጫን ወይስ በዊንዶውስ ምትክ የሚሠራውን ሊኑክስ?

መጀመሪያ ወሬውን እናጥራው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 መደበኛውን የደኅንነት ማሻሻያ መልቀቅ ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ነው፤ በፈረንጅ ኦክቶበር 14፣ 2025። ማሽኑ አይጠፋም። ፋይሉ አይቆለፍም። ዎርድም ይከፈታል። የቀረባችሁ ነገር፣ ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍን ሰው ነው። ዛሬ ምንም አይሰማችሁም። እየዋለ እያደረ ግን ያሰጋል፤ በተለይ የባንክ ሒሳቡን በኮምፒውተር ለሚከፍትና የሰው ፍላሽ ለሚሰካ። እኔ ቤት የሚገባውን ፍላሽ ብታዩ ትስቃላችሁ። ፎልደሩ በሙሉ በቫይረስ ሾርትከት ሆኖ፣ ባለቤቱ "ትናንት ነበረ እኮ!" እያለ።

ዲስኩን እዩት

ከሚመጡልኝ ሰዎች ብዙዎቹ ስለ ደኅንነት አስበው አይደለም። ኮምፒውተሩ ስለሚንቀራፈፍ ነው "አዲስ ዊንዶውስ ጫኚልኝ" የሚሉት። እነዚህን ቁጭ አድርጌ ታስክ ማናጀርን አሳያቸዋለሁ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ከዚያ "ፐርፎርማንስ" የሚለውን ንኩ። በግራ በኩል "ዲስክ" ከሚለው ሥር ኤችዲዲ ወይም ኤስኤስዲ የሚል ይጻፋል። ኤችዲዲ፣ ማለትም የሚሽከረከረው የድሮው ሃርድ ዲስክ ከሆነ፣ ጥፋቱ የዊንዶውሱ ላይሆን ይችላል። ምንም ሳትነኩት ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ተሰቅሎ ሲቀር በዓይናችሁ ታያላችሁ።

እንዲህ ከሆነ የመጀመሪያው ብር ኤስኤስዲ ላይ፣ ማለትም በማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ ላይ ይውጣ። ለቤት አገልግሎት 256 ጊጋ ይበቃል። ራሙ (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) 4 ጊጋ ከሆነ ደግሞ ወደ 8 ማሳደግ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ፤ አንዳንድ ስስ ላፕቶፕ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ አይጨመርበትም። ዲስኩን ቀይረው ከሄዱ በኋላ ስለ ዊንዶውስ ትዝ ያላላቸው ስንት ደንበኞች አሉኝ መሰላችሁ። የደኅንነቱ ጉዳይ ግን እንዳለ ነው፤ እሱን እንቀጥል።

ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር

ዊንዶውስ 11 በወጉ እንዲገባ 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ቦታ፣ ሴኪዩር ቡት (ማሽኑ ሲነሳ ያልታመነ ፕሮግራም እንዳይገባ የሚከለክል ጥበቃ) የሚችል ቦርድ፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና ማይክሮሶፍት ከፈቀዳቸው ፕሮሰሰሮች አንዱ ያስፈልጋል። እኛ አገር ባሉት ላፕቶፖች ላይ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው የመጨረሻው ነው።

ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ አባውት ብላችሁ ግቡና የፕሮሰሰሩን ስም አንብቡ። ኢንቴል ከሆነ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዩ። አይ5-6300 ማለት 6ኛ ጄነሬሽን ነው። አይ5-8350 ደግሞ 8ኛ። አይ5-10210 ካለ 10ኛ ነው። 1135ጂ7 የሚል ካያችሁ 1ኛ እንዳይመስላችሁ፤ 11ኛ ነው። ከጥቂቶች በስተቀር የሚያልፉት ከ8ኛ ጀምሮ ያሉት ናቸው። ኤኤምዲ ራይዘን ከሆነ በአብዛኛው ከ2000ዎቹ ተከታታይ ጀምሮ ነው።

ያገለገለ ልትገዙ ለምትዞሩ፣ ሞዴሉን ብቻ አትመኑ። ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 6ኛ ጄነሬሽን ነውና አያልፍም። ቲንክፓድ ቲ480ን ሁሉም ሰው "8ኛ ነው" ይላችኋል፤ ነገር ግን 7ኛ ይዘው የወጡም አሉ። "ዊንዶውስ 11 ተጭኖበታል" የሚለውም ማስረጃ አይሆንም። ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም ፍላሽ ሲዘጋጅ ፍተሻውን ዘሎ መጫን ይቻላልና። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ ቁጥሩን ራሳችሁ አንብቡ።

ቁጥር ማንበብ የሰለቸው ሰው ፒሲ ኸልዝ ቼክ የሚባለውን የማይክሮሶፍት ፕሮግራም ያውርድ። የቱ እንዳለፈና የቱ እንደወደቀ ለይቶ ይነግራል። ፕሮሰሰሩ አልፎ ቲፒኤም የለም ካለ፣ ብዙ ጊዜ ባዮስ ውስጥ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የቦርዱ ማስተካከያ) ጠፍቶ ነው። ኢንቴል ላይ ፒቲቲ፣ ኤኤምዲ ላይ ኤፍቲፒኤም በሚል ስም ታገኙታላችሁ። ባዮስ ከመንካታችሁ በፊት ግን ዲስኩ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ የተቆለፈ መሆኑን እዩ። ከተቆለፈ የመክፈቻ ቁልፉን ወረቀት ላይ ጻፉት። ያን ረጅም ቁጥር ሲጠየቅ አጥቶ የሚደነግጥ ሰው ፊት ማየት ደስ አይልም።

ካለፈ

አታመንቱ፣ ጫኑት። ዊንዶውስ 10ችሁ ሕጋዊ ከሆነ ማሻሻያው ነፃ ነው፤ ፋይሎቻችሁና ፕሮግራሞቻችሁም በቦታቸው ይቆያሉ። አልወደድኩትም ካላችሁ በ10 ቀን ውስጥ በሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ በኩል ወደ ነበራችሁበት መመለስ ትችላላችሁ። ከዚያ በኋላ ያ በር ይዘጋል። እንግዲህ በእነዚያ ቀናት ውስጥ የምትሠሩበትን ሁሉ ሞክሩት። ፕሪንተሩን፣ ስካነሩን፣ የሒሳብ ፕሮግራሙን። "ስታርቱ መሃል ገባብኝ" ለሚሉ፣ ታስክባር ሴቲንግስ ውስጥ ወደ ግራ ይመለሳል። ይኼ ምክንያት አይሆንም።

ካላለፈ

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚደናገረው። እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቀው። ያለ ዊንዶውስ የማይሠራ፣ እንጀራህ የሆነ ፕሮግራም አለህ?

የእህቴ ልጅ አካውንቲንግ ነው የምትማረው። ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ያስፈልጋታል፤ ፒችትሪ ደግሞ የዊንዶውስ ነው። አውቶካድ በሚባለው የንድፍ ፕሮግራም የሚሠራም እንደዚያው። ለእሷ ዊንዶውስ 10 ይቆይ አልኩ፤ ግን የተራዘመውን ማሻሻያ አስመዘገብኳት። ይህ ማሻሻያ ለቤት ተጠቃሚ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ይዘልቃል። ማሽኑ 22ኤች2 የሚባለው እትም ላይ መሆን አለበት፤ የማይክሮሶፍት አካውንትም ይጠይቃል። ዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ የመመዝገቢያው ሊንክ ይወጣል። ክፍያው 30 ዶላር ነው፤ ነገር ግን ሴቲንግሳችሁ ወደ አካውንታችሁ ባክአፕ እንዲሆን ከፈቀዳችሁ በነፃ ይሆናል። ዶላር የሚከፍል ካርድ ለሌለው ሰው መንገዱ ይኼው ነው። ጊዜ መግዣ ነው እንጂ መፍትሔ አይደለም። እስከዚያ ገንዘብ አጠራቅማ ላፕቶፕ ትቀይራለች።

ፍተሻውን ዘሎ በጓሮ በር 11ን መጫንስ? ይሠራል፤ ብዙ ሰው እየሠራበት ነው። ማይክሮሶፍት ግን ለእንዲህ ያለ ማሽን ማሻሻያ አገኛለሁ ብላችሁ እርግጠኛ አትሁኑ ይላል። ትልልቆቹ ዓመታዊ እትሞችም በራሳቸው አይመጡም፤ በእጅ መጫን አለባቸው። ይህን የሚከታተል ልጅ ቤት ውስጥ ካለ ደግ። ለእናታችሁ ላፕቶፕ ግን አልመክርም።

የተሰነጠቀ፣ ማለትም ያለ ፈቃድ የሚሠራ ዊንዶውስስ? ሕጋዊ የሚያስመስለው አክቲቬተር መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ አንቲቫይረሱን እንድታጠፉ ነው። ከዚህ በላይ ምን ልበል።

ሊኑክስ ሚንት ለማን ይሆናል

ጎረቤቴ ጋሼ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ዩቲዩብ ያያሉ፣ ቴሌግራም ላይ ይውላሉ፣ ትዝታቸውን ይጽፋሉ። ላፕቶፓቸው 6ኛ ጄነሬሽን፣ ራሙ 4 ጊጋ። ለእሳቸው ሊኑክስ ሚንት ነው የጫንኩት፤ ቀለል ያለውን ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን። ሚንት ነፃ ነው፤ የ22 ተከታታዩ እስከ 2029 በፈረንጅ ማሻሻያ ያገኛል። ሜኑው እንደ ድሮው ዊንዶውስ ግራ ጥግ ታች ነው። ክሮም አለ፣ ቴሌግራም አለ፣ ቪኤልሲ አለ። ጋሼ ምኑም አልከበዳቸው። ያስቸገራቸው አማርኛው ነው።

አማርኛ የሚጽፉበት ፓወር ግዕዝ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። ጣታቸው ለዓመታት እሱን ለምዷል። በምትኩ ኪማን የሚባለውን ጫንኩላቸው። በውስጡ ያለው የአማርኛ ኪቦርድ በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ይሠራል፤ እንደ ድምፁ በላቲን ፊደል ትጽፋላችሁ፣ ፊደሉ ይወጣል። ጥቂት ቀን ፀን እና ኀን ፍለጋ ተንገላቱ። "ይቺን ፀ የት ደበቅሻት?" እያሉ በበሬ ብቅ ይሉ ነበር። ቁልፎቹን በወረቀት ጽፌ ስክሪኑ ሥር ለጠፍኩላቸው፤ ከዚያ ወዲያ አልመጡም።

ሌላው የድሮ ጽሑፎቻቸው ነበሩ። ዩኒኮድ (በየማሽኑ አንድ ዓይነት የሆነው የፊደል አሠራር) ሳይለመድ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ ፋይል፣ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት አማርኛው ጠፍቶ የላቲን ፊደልና ምልክት ተደበላልቆ ይመጣል። ፋይሉ አልተበላሸም፤ የሚያነብለት ፎንት ነው የጠፋው። ስለዚህ ዊንዶውሱን ከማጥፋታችሁ በፊት፣ ፎንቱ ባለበት በዚያው ማሽን ላይ፣ የድሮ ጽሑፎቻችሁን ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። የምታርሟቸው ካሉ ደግሞ ወደ ዩኒኮድ ቀይሯቸው። የጋሼን እንዲህ ነው ያደረግነው፤ ምሽቱን ሙሉ ፈጀብን።

በዎርድ ምትክ የሚሠራው ሊብሬኦፊስ የዎርድ ፋይል ይከፍታል። ደብዳቤና ተራ ጽሑፍ ላይ ችግር አላየሁም። ሠንጠረዥ የበዛበት የመሥሪያ ቤት ፎርም ላይ ግን መስመሩ ይንሸራተታል። ሰው ጋ የምትልኩትን በፒዲኤፍ ላኩ። ፕሪንተርም አለ። የኤችፒ አብዛኞቹ ወዲያው ይታወቃሉ፤ ለካኖን ሌዘር ድራይቨሩን (ፕሪንተሩን ከኮምፒውተሩ የሚያግባባውን ፕሮግራም) ከራሱ ገጽ ማውረድ ሊኖርባችሁ ይችላል፤ እሱ ትንሽ ያደክማል።

ደግነቱ ሚንትን ሳይጭኑት መሞከር ይቻላል። ፋይሉ 3 ጊጋ ገደማ ነው። በሩፈስ ፍላሽ ላይ አድርጉት፤ ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ አትርሱ። ላፕቶፑን አጥፍታችሁ ስታበሩ ኤችፒ ላይ ኤፍ9፣ ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ12 ተጫኑና ፍላሹን ምረጡ። ሚንት ከፍላሹ ይነሳል፤ ዴስክቶፑ ላይ ያለውን የመጫኛ ምልክት እስካልነካችሁ ድረስ ዲስካችሁ ላይ ምንም አይለወጥም። ዋይፋዩ ይገናኛል? ድምፅ አለ? ክዳኑን ዘግታችሁ ስትከፍቱት ይነቃል? ካሜራውስ? ከፍላሽ ስለሚሠራ ይዘገያል፤ በፍጥነቱ አትፍረዱበት።

ሁለቱንም ጎን ለጎን መጫን ይቻላል ይባላል፤ እውነት ነው። ለሚማር ልጅ ጥሩ ነው። ቤት ውስጥ ግን ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንዱ ይረሳል፣ ቦታ ይዞ ይቀመጣል።

የምትጀምሩ ቀን

ፋይላችሁን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ። ሌላ ዲስክ የሌለው፣ ዋና ዋናውን ቴሌግራም ላይ ሴቭድ ሜሴጅስ ውስጥ ያስቀምጥ፤ አንዱ ፋይል እስከ 2 ጊጋ ይቀበላል። ዴስክቶፕና ዳውንሎድስ ፎልደሮችን አትርሱ፤ የአብዛኛው ሰው ንብረት ያለው እዚያ ነው። ክሮም ላይ የተቀመጡ ፓስዎርዶች ከጉግል አካውንታችሁ ጋር መያያዛቸውን አረጋግጡ።

መብራቱን ነገር ታውቃላችሁ። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ ቻርጀሩም ይሰካ። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ወይም ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ ከሆነ፣ መብራት ብልጭ ድርግም በሚልበት ቀን አትጀምሩ። ዊንዶውስ መሃል ላይ ቢቋረጥ ብዙ ጊዜ ራሱን ይመልሳል፤ ባዮስ ማሻሻል ላይ ግን ከተቋረጠ ቦርዱ ሊሞት ይችላል።

እኔ ሱቅ ጥግ ላይ ያለችው አሮጌ ዴስክቶፕ አሁንም ዊንዶውስ 10 ላይ ናት። ስካነሩ ከእሷ ጋር ብቻ ነው የሚግባባው። ኢንተርኔቷን ነቅዬባታለሁ፤ ስካን ታደርጋለች፣ ሌላ ሥራ የላትም። የደንበኛ ፍላሽ መጀመሪያ የሚሰካው ሚንት ያለበት ላፕቶፕ ላይ ነው። ያ የሾርትከት ቫይረስ እዚያ አይሠራም፤ የተደበቁት ፋይሎች ፍንትው ብለው ይታያሉ። እነሱን ብቻ መርጬ አወጣና "ይኸው ፋይልህ" እላለሁ።