የዋርዱ ሰው እጁን እንዲያጸዳ፦ ከሥልጠና በፊት የሚሠሩ ሥራዎች

እጅ መታጠብ እንዳለበት የማያውቅ ነርስ ወይም ሐኪም አታገኙም። ስለዚህ በዋርዳችሁ (ታካሚዎች በሚተኙበት ክፍል) እጅ ሳይጸዳ ከአልጋ ወደ አልጋ የሚታለፍ ከሆነ፣ ሌላ ሥልጠና ከማዘጋጀታችሁ በፊት ችግሩ የት ቦታ ላይ እንደሚፈጠር ፈልጉ።

ለሦስት ቀን፣ በቀን ሁለት ጊዜ ሃያ ሃያ ደቂቃ ቆማችሁ ተመልከቱ። ታካሚን ከመንካት በፊት፣ መርፌና ቁስል የመሰለ ንጹህ ሥራ ከመጀመር በፊት፣ የሰውነት ፈሳሽ ከነካ በኋላ፣ ታካሚን ከነኩ በኋላ፣ አልጋውንና ዕቃውን ከነኩ በኋላ፦ ከእነዚህ አምስቱ የትኛው እንደሚዘለል ምልክት አድርጉ። የሰው ስም ግን አትጻፉ፤ ስም ከተጻፈ ሰዉ እጁን የሚያጸዳው እናንተ ስትታዩ ብቻ ይሆናል። ጓንት ሳይቀይር ሁለት አልጋ የሚያዳርስም አለ፤ እሱንም ቁጠሩት።

ቀጥሎ እርምጃ ቁጠሩ። ነርሷ የአራተኛውን አልጋ ታካሚ ግፊት ለክታ፣ መለኪያውን በብብቷ፣ ካርዱን በእጇ ይዛለች። አምስተኛው አልጋ አጠገቧ ነው፤ የውሃው ቧንቧ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ። በሳሙና መታጠብ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይፈጃል። በሰዓት 20 ጊዜ ብትታጠብ መንገዱ ሳይቆጠር ከ13 እስከ 20 ደቂቃ ይሄድባታል። ይህን በቁጣ ማስተካከል አይቻልም። በአልኮል ማሸት ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይበቃልና ጠርሙሱን በር ላይ ሳይሆን አልጋው ላይ እሰሩት። የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 1997 ባካሄዱት ዘመቻ አልኮሉን ታካሚው አጠገብ ሲያደርጉና አመራሩም ሲደግፍ፣ እጅ የማጽዳት ልምዱ ከ48 ወደ 66 በመቶ ከፍ ብሏል። እጅ በዓይን የሚታይ ቆሻሻ ካለበት ግን የግድ ውሃና ሳሙና ነው።

ጠርሙሱን በየጠዋቱ የሚሞላ አንድ ሰው በስም ይመደብ። የሆስፒታሉ ፋርማሲ የሚታሸውን አልኮል ራሱ የሚቀምም ከሆነ ለ10 ሊትር 96 በመቶ ኢታኖል 8,333 ሚሊ ሊትር፣ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ 417፣ 98 በመቶ ግሊሰሮል 145፣ የቀረው ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ነው፤ ለ72 ሰዓት ከተቀመጠ በኋላ ለሥራ ይወጣል። ቆዳን የሚያለሰልሰው ግሊሰሮሉ ነውና ለመቆጠብ አትቀንሱት። ቆዳው የተሰነጠቀ ነርስ ጠርሙሱን ዳግመኛ አይነካም።

ከሁሉም የሚከብደው ራውንዱ፣ ማለትም ሐኪሞች ከአልጋ ወደ አልጋ እየዞሩ ታካሚ የሚያዩበት ሰዓት ነው። ሲኒየር ሐኪሙ ካላሸ፣ ከኋላው የሚከተሉት ሬዚደንቶች (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥኑ ሐኪሞች) እና ተማሪዎች አያሹም። አስቀድማችሁ ለብቻ አነጋግሩት። ራውንዱ ሲጀመር በሁሉም ፊት «ብረሳ አስታውሱኝ» ይበል፤ እኛ ዘንድ ታናሽ ታላቁን የሚያርመው ፈቃዱ ከታላቁ አፍ ሲወጣ ነው። ያስታወሰችውን ተማሪ እዚያው ያመስግናት። አንዴ ፊቱን ካጠቆረባት በሚቀጥለው ቀን የሚናገር አይገኝም።

ለውጡን ለመለካት በወር የወጣውን የአልኮል ሊትር ለታካሚ ቀናት (ታካሚዎች በዋርዱ የተኙባቸው ቀናት ድምር) አካፍሉ፤ ውጤቱንም ሁሉም በሚያየው ግድግዳ ላይ በየወሩ ለጥፉ።