ከሱብሂ በፊት ብዕር፣ ከቡናው ጋር ወስፌ

የአክስቴ ልጅ በቅርቡ ባሏ ጋ ጀርመን ልትሄድ ነው። ትናንት ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ እናቴ ቤት ቡና እየጠጣን ቀስ ብላ ጠየቀችኝ። "እትዬ፣ እዚያ ስሄድ መጻፌንና የሰፌድ ስፌቴን እተወው ይሆን?"

ጥያቄው ሆዴን ነካኝ። ከባሌና ከሁለት ልጆቼ ጋር ሽቱትጋርት መኖር ከጀመርኩ 9 ዓመቴ ነው። የመጀመሪያዎቹን 3 ዓመታት ሁለቱንም ትቼ ነበር። ለእሷ የነገርኳትን ለእናንተም ልጻፈው፤ ልጅ ይዛችሁ ሰው አገር ላላችሁ።

መጀመሪያ ሁለቱን ሥራዎች ለዩአቸው። መጻፍ ብቻ መሆንን ይፈልጋል። ስፌት ግን ወሬ ይችላል። ልጅ "እማዬ!" ሲላችሁ የጀመራችሁት ዓረፍተ ነገር ብን ብሎ ይጠፋል፤ ወስፌው ግን በተሰካበት ይጠብቃችኋል። እኔ ይህን አልለየሁም ነበር። ልጆቹ ሲተኙ ሰፌድ ይዤ ቁጭ እላለሁ፤ ያቺ ጸጥ ያለች ሰዓት በእጅ ሥራ ታልቃለች። ቅዳሜ ቤቱ በእንግዳ ሲሞላ ደግሞ ደብተር እከፍታለሁ። አንድ መስመር ሳልጽፍ እዘጋዋለሁ። ስንት ቅዳሜ እንዲሁ አለፈ።

ቀጥሎ የመጻፊያውን ሰዓት ከማይቀር ነገር ጋር እሰሩት። የእኔ ከሶላት ጋር ነው የታሰረው። ደሴ ላይ ሱብሂ፣ የንጋቱ ሶላት፣ ዓመቱን ሙሉ ሌሊት 11 ሰዓት ገደማ ነው፤ ብዙም አይንቀሳቀስም። ጀርመን እንደዚያ አይደለም። ታኅሣሥ ላይ ሱብሂ የሚገባው ከጠዋቱ 12 ሰዓት አልፎ ነው። ሰኔ ላይ ደግሞ ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ይገባል። በፊት ግራ ያጋባኝ ነበር፤ አሁን ግን የምሠራበት ሆኗል። በብርዱ ወራት 11 ሰዓት ላይ ተነስቼ ሱብሂ እስኪገባ እጽፋለሁ። ከስልኬ አዛን ሲሰማ ብዕሩን አስቀምጣለሁ። ከአንድ ሰዓት ብዙ አይበልጥም፣ ይበቃል። በሙቀቱ ወራት ሌሊቱ አጭር ስለሆነ በማለዳ ለመነሳት መታገል ራስን መጉዳት ነው። ያኔ ወደ ማታ አዞረዋለሁ። ሰኔ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፤ ልጆቹ ተኝተዋል። ከመግሪብ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ከሚሰገደው ሶላት፣ እስከ ኢሻ፣ እስከ ሌሊቱ ሶላት፣ ሁለት ሰዓት ያህል አለ። ያ የእኔ ነው። ክርስቲያን የሆነች ጓደኛዬ ሰዓቷን ያሰረችው ወደ ሥራ ከሚወስዳት ባቡር ጋር ነው፤ ቁጭ እንዳለች ደብተሯን ታወጣለች።

ስልክ የሚባል ነገርም አለ። በብርዱ ወራት እኔ 11 ሰዓት ስነሳ ደሴ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፤ እናቴ ተነስታ ትደውላለች። ላለማንሳት አንጀቴ አልችል አለ። በመጨረሻ በግልጽ ነገርኳት፤ "እማ፣ ጠዋት እየጻፍኩ ነው፣ ቅዳሜ ቡና አብረን እንጠጣ።" አልከፋትም። አሁን ቅዳሜ ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፌ በቪዲዮ እንገናኛለን። እሷ የእሷን ትሰፋለች፣ እኔ የእኔን። አንድ ቀን ሰፌዴን ወደ ካሜራው አስጠግቼ አሳየኋት። ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አየችና "ሦስተኛው ዙር ላልቷል፣ ፍቺው" አለችኝ። ከደሴ ሆና! ፈታሁት።

ባላችሁን "እርዳኝ" አትበሉት። ቀንና ሰዓት ንገሩት። እኔ ለዓመታት "እርዳኝ" እያልኩ እሱም ከልቡ "እሺ" እያለኝ ምንም አልተለወጠም። በኋላ "እሁድ ከ3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ልጆቹን ይዘህ ውጣ" አልኩት። ሽፍት ከሌለው ይዟቸው ይወጣል። ጀርመን እሁድ ሱቅ ዝግ ነው፣ በሕግ። አስቤዛ የለ፣ ሩጫ የለ። ለቅሶ ጥየቃውንና ዕቁቡን በተቻለኝ መጠን ቅዳሜ አደርገዋለሁ።

አሁን ወደ ስፌቱ። ዕቃውን ቁም ሳጥን ውስጥ አታስገቡት። ዓይን ያላየውን እጅ አያነሳውም። የእኔ ዘንቢል የምትቀመጠው ረከቦቱ አጠገብ ነው። ውስጧ ወስፌ፣ አንድ እፍኝ ስንደዶ፣ ትንሽ አለላና እርጥብ ፎጣ አለ። ረከቦቱን ሳቀርብ ዘንቢሏም አብራ ትመጣለች። ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ አንድ ዙር፣ እጄ ከፈታ አንድ ተኩል እሰፋለሁ። በብርዱ ወራት የቤት ማሞቂያው ሣሩን ያደርቀዋል፤ ስትስቡት ቀጭ ይላል። ስለዚህ ማታውኑ በእርጥብ ፎጣ ጠቅልሉት። ከአንድ ሌሊት በላይ ግን አታቆዩት፤ ይሻግታል። ወስፌው ጫፍ ላይ ቡሽ ሰኩበት፣ ልጆች አሉ።

ዙሩን ጨርሳችሁ አታቁሙ። መሃል ላይ ተዉት፤ በሚቀጥለው ቀን እጃችሁ ሳትጠሩት ይጀምራል። ጽሑፍንም እንዲሁ። እኔ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ግማሹን ትቼ ነው ለሶላት የምነሳው። እየሰፋሁ ሳለ ቀሪው ይመጣል። ያኔ እጄ ስለተያዘ ለስልኩ በድምፅ እነግረዋለሁ። የ8 ዓመት ልጄ ደግሞ ድምፄን እየሰማች በፊደል ትገለብጠዋለች። "ጸ" እና "ፀ" ያጣሏታል፤ እኔ ግን ያቺን ወረቀት ከምንም በላይ እወዳታለሁ።

የጻፋችሁትን በሁለት ቦታ አስቀምጡ። ስልኬ ውሃ ገብቶበት የ4 ወር ጽሑፍ አጥቻለሁ። አሁን በደብተር ጽፌ ገጹን ፎቶ አነሳና በቴሌግራም ለራሴ እልካለሁ።

የስፌት ከባዱ ጅማሬው ነው። ያቺ የመሃሏ እንብርት ካልጠበቀች ሰፌዱ ሁሉ ይጣመማል። ብቻዬን ስጀምር ብዙ ጊዜ ተበላሽቶብኛል። ስለዚህ አገር ቤት በመጣሁ ቁጥር ለዓመት የሚሆነኝን እናቴ ጀምራ ትሰጠኛለች፤ እኔ እዚያ እቀጥለዋለሁ። ሣር ስለሆነ የምትሄዱበት አገር ጉምሩክ ምን እንደሚፈቅድ ግን ቀድማችሁ ጠይቁ። ያለፈው ሰኞ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ከአክስቴ ልጅ ጋር ሰኞ ገበያ ሄደን አለላ ገዛን። እናቴ ሣሩን በውሃ አርሳ ምንጣፍ ላይ ቁጭ አለችና የእጅ መዳፍ የሚያክሉ ሁለት ጅማሬዎች ሰራችላት። አንዱ ወይን ጠጅ ነው፣ አንዱ አረንጓዴ። ዛሬ ጠዋት ሻንጣዋን ስታስተካክል አየኋት። ሁለቱንም ከደብተሯ ጋር በነጠላ ጠቅልላ ከላይ አስቀምጣቸዋለች።