የጠብታ መስኖ ቱቦን ከአፈር በታች ለመቅበር የሚፈልግ አርሶ አደር ሊያውቀው የሚገባ

በሰሜን ወሎ ባሉት በቆቦ ሜዳና በጊራና ሸለቆ ከጉድጓድ በፓምፕ የሚሳብ ውሃ ወጪ ስላለው፣ በቦይ ሲሄድ በትነትና በስርገት የሚጠፋው ሁሉ ከአርሶ አደሩ ኪስ የሚወጣ ነው። የጠብታ መስኖ ቱቦ ሲቀበር ውሃው በቀጥታ ወደ ሥሩ ይደርሳል፤ የላይኛው አፈር ደረቅ ሆኖ ስለሚቆይም አረም ይቀንሳል፣ ከማሳው እርጥበት የሚነሳው የፈንገስ በሽታም ይቀልላል።

ዋናው ውሳኔ ጥልቀቱ ነው። በበሬ በተደጋጋሚ በሚታረስ ማሳ ማረሻው እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ሊዘልቅ ስለሚችል፣ ቱቦው ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ካልተቀበረ በመጀመሪያው እርሻ ይቆረጣል። ይህ ጥልቀት ለቲማቲም፣ ለበርበሬና በተለይ በመርሳ አካባቢ ለሚለማው ማንጎ ይስማማል። የሽንኩርት ሥር ግን አጭር በመሆኑ ችግኙ ከታች ያለውን እርጥበት ሳያገኝ ሊጠወልግ ይችላል፤ ስለዚህ ሽንኩርት ለሚያለማ ሰው ቱቦውን ከላይ ዘርግቶ ምርቱ ሲነሳ መሰብሰቡ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

በአሸዋማ አፈር ውሃው ወደ ታች ይሰርጋል እንጂ ወደ ጎንና ወደ ላይ ብዙ አይስፋፋም፤ በመሆኑም የማንጠባጠቢያ ቀዳዳዎቹ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ተቀራርበው ይሁኑ። ዋልካ አፈር ላይ እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ቢራራቁ ችግር የለውም፤ ሆኖም ዋልካ ፈጽሞ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ቱቦውን ሊጎዳና ውሃውን በስንጥቁ ሊያፈስ ስለሚችል እርጥበቱ መቋረጥ የለበትም። ማሳውን ሁሉ ከመቆፈር በፊት አንድ መስመር ብቻ ቀብሮ ጥቂት ሰዓት ውሃ ለቆ፣ ከዚያም አፈሩን በአግድም ቆፍሮ እርጥበቱ እስከ የት እንደደረሰ በዓይን ማየት ከማንኛውም ግምት የተሻለ ነው።

የተቀበረ ቀዳዳ ሲደፈን ስለማይታይ ማጣሪያውን በርካሽ ለመተካት መሞከር አያዋጣም። ከጎሊና ዓይነት ወንዝ የተጠለፈ ውሃ ደለል ስለሚበዛበት በቅድሚያ በኩሬ ይጥለል፣ ከዚያም ባለ 120 ሜሽ (በአንድ ኢንች ርዝመት 120 ቀዳዳ ያለው) ማጣሪያ ውስጥ ይለፍ። ፓምፑ ሲጠፋ በቱቦው ውስጥ የሚፈጠረው ባዶነት ጭቃን በቀዳዳዎቹ ወደ ውስጥ ስለሚስብ፣ በመስመሩ ከፍተኛ ቦታ ላይ አየር የሚያስገባ ቫልቭ ያስፈልጋል። የመስመሮቹ ጫፍም ከመሬት በላይ ወጥቶ በየጊዜው ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ ይታጠብ። ሥሮች ውሃ ሲያጥራቸው ወደ ቀዳዳው ስለሚገቡ፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ከማጠጣት ይልቅ በጥቂት በጥቂቱ ቶሎ ቶሎ ማጠጣት ይጠቅማል። የውሃ ቆጣሪ ያለው ሰው ፍሰቱ ሲቀንስ መደፈንን፣ ሲጨምር ደግሞ መቆረጥን ይጠርጥር።

በቀጥታ የሚዘራ ዘር በደረቁ የላይኛው አፈር ላይ ለመብቀል ይቸገራል፤ ስለዚህ በዝናብ መግቢያ መዝራት፣ አለበለዚያም እስኪበቅል ድረስ ከላይ ማጠጣት ግድ ነው። ውሃው ወደ ላይ እየወጣ ሲተን በውስጡ ያለውን ጨው ከቱቦው በላይ ባለው አፈር ላይ ይተወዋል። የክረምቱ ከባድ ዝናብ ይህን ጨው ወደ ታች አጥቦ ይወስደዋል። በበልግ የሚጥል ካፊያ ግን ጨውን እስከ ሥሩ ብቻ አውርዶ ሰብሉን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ካፊያ ሲጥል መስኖውን ማቆም ሳይሆን ክፍት አድርጎ ማቆየት ይገባል።