የበር መጋረጃ እንዳይወርድና እንዳይጎተት አድርጎ መስቀል

የመስኮት መጋረጃ ጠዋትና ማታ ብቻ ይነካል። የበሩን ግን ገቢ ወጪው ሁሉ በትከሻው እየገፋ ያልፋል፣ ልጆችም ይንጠለጠሉበታል። ስለዚህ ጨርቅ ከመምረጣችሁ በፊት ብሎኑ የት እንደሚገባ ጨርሱ።

መጀመሪያ በሩ ወዴት እንደሚከፈት እዩ። መጋረጃው የሚሰቀለው በሩ ከሚከፈትበት በተቃራኒው በኩል ነው። መኝታ ቤቱ በር ወደ ውስጥ ከተከፈተ በሳሎን በኩል ስቀሉ። በሩ በሚከፈትበት በኩል ከሆነ ግን በሩ ጨርቁን እየጠረገ ይሄዳል፣ ሲዘጋም ጫፉን መቃኑ ላይ ይነክሰዋል፤ የማጠፊያው ቅባትም ጨርቁ ላይ ይቀራል።

በብሎኬት ቤት ከበሩ በላይ አርኪትራቭ አለ፤ ፌሮ ያለው ኮንክሪት ነው፣ ከበሩ ግራና ቀኝም አልፎ ግድግዳው ላይ ይቀመጣል። መያዣዎቹን ከበሩ ክፍተት ጠርዝ 10 ሳንቲሜትር ወደ ጎን፣ 10 ሳንቲሜትር ወደ ላይ ብታደርጉ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ኮንክሪት ታገኛላችሁ። ከዚያ ርቃችሁ ብሎኬቱን ከበሳችሁ ግን ፑንታው (የድሪሉ መብሻ) ባዶው ላይ ይወድቃል፣ ፊሸሩም (ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ብሎኑን የሚይዘው ፕላስቲክ) ይሽከረከራል እንጂ አይነክስም።

አንድ ነገር በጣም ተጠንቀቁ። የመብራት ማብሪያው ብዙ ጊዜ በሩ አጠገብ ነው፤ ሽቦው ከማብሪያው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። የምትበሱት ቦታ ከማብሪያው ትክክል በላይ ከዋለ ወደ በሩ 5 ሳንቲሜትር አስጠጉት፤ ከመብሳታችሁ በፊትም መብራቱን ከቆጣሪው አጥፉ።

ለመብሳት 8 ሚሊሜትር ፑንታና 8 ቁጥር ፊሸር ይበቃል፤ ድሪሉ መዶሻ ያለው ይሁን። መጋረጃ ከነመያዣው የሚወድቅበት ዋናው ምክንያት ልስኑ ነው። ልስኑ 2 ሳንቲሜትር ከሆነ 4 ሳንቲሜትር የሆነ ፊሸር ግማሹ ልስን ውስጥ ይቀራል፤ ልስን ደግሞ አይይዝም፣ ተላጦ ይወርዳል። 6 ሳንቲሜትር የሆነውን ግዙ፣ ቀዳዳውንም ከፊሸሩ በ1 ሳንቲሜትር አስረዝሙት። ፑንታው ብረት ነክቶ አልገባም ካለ አትታገሉት፤ ፌሮ ነው፣ 2 ሳንቲሜትር ፈቀቅ በሉ። የሰፋ ቀዳዳ ውስጥ ክብሪት እንጨት መጠቅጠቅ ለሳምንት ብቻ ያገለግላል፤ 10 ቁጥር ፊሸር አስገቡ።

ዘንጉን በውሃ ልክ አስተካክሉ፣ ከዚያ ራቅ ብላችሁ እዩት። ጉበኑ ራሱ ያዘነበለ ከሆነ ቀጥ ያለው ዘንግ ጠማማ መስሎ ይታያል። እንደዚያ ከሆነ ጉበኑን መከተል ይሻላል፣ ዓይን የሚያየው እሱን ነውና።

የጭቃ ቤት ከሆነ ጭቃው ላይ ምስማር አትምቱ፤ ይላላል፣ ጭቃውንም ይዞ ይወርዳል። መያዣውን የጉበኑ እንጨት ላይ 4 ሳንቲሜትር በሆነ የእንጨት ብሎን እሰሩት። እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ አስቀድማችሁ በቀጭን ፑንታ ብሱት።

አሁን ጨርቁ። በሩ 90 በ210 ሳንቲሜትር ነው እንበል። ዘንጉ በሁለቱም በኩል 15 እያለፈ 120 ይሆናል። ጨርቁ ከዘንጉ አንድ ተኩል ጊዜ ይስፋ፣ ማለትም 180፤ ከዚያ ካነሰ ሽብሽቡ ይጠፋል፣ ከበዛም ለሚያልፍ ሰው ይከብዳል። ለሁለት ተከፍሎ 90፣ 90 ቢሆን መሐሉን ገለጥ አድርጎ ማለፍ ይቻላል።

ቁመቱ እንዲህ ነው፦ ዘንጉ ከመሬት 220 ላይ ነው። ከዚህ ላይ ለቀለበቱ 4፣ ከመሬት ከፍ ለማለት 3 ሲቀነስ 213 ይቀራል። ለላይኛው እጥፋት 8፣ ለታችኛው 10 ጨምሩና 231 አስቆርጡ። ወርዱ 2.80 ሜትር የሆነውን የመጋረጃ ጨርቅ ወርዱን ቁመት አድርጋችሁ ከተጠቀማችሁበት 2 ሜትር ይበቃችኋል፤ የጎን ስፌቱንም ያካትታል። ከተረፈው ቁራጭ ማሰሪያ ይወጣል። ጥጥ ከሆነ ከመቆረጡ በፊት ይታጠብ፣ አለበለዚያ በመጀመሪያው አጠባ ያጥራል። ወለሉ ደልዳላ ላይሆን ስለሚችል ከግራም ከቀኝም ለኩ።

ዘንግ የሚገባበት እጥፋት ለበር አይመችም፣ አይንሸራተትም። ቀለበት ይሻላል፦ በየ15 ሳንቲሜትሩ አንድ፣ ለአንዱ ጨርቅ 7፣ ለሁለቱ 14። ስታስገቡ የመጨረሻውን ቀለበት ከመያዣው ወዲያ፣ በመያዣውና በዘንጉ ቆብ መካከል አድርጉት። ያኔ ሰው ሲያልፍ መሐሉ ይሸሻል እንጂ የዳሩ ጫፍ ከቦታው አይነቃነቅም።

ዘንግ ትታችሁ በፕላስቲክ የተሸፈነውን ስፕሪንግ ሽቦ ከመረጣችሁ ከክፍተቱ 5 ሳንቲሜትር አሳጥራችሁ ቁረጡት፤ ካልተወጠረ መሐሉ ይረግባል። ለስስ ጨርቅ ብቻ ነው።

ወደ ማድ ቤት የሚያስገባ በር ላይ ናይለን አትስቀሉ። የከሰል ምድጃ ከተጠጋው ቀልጦ ገላ ላይ ይጣበቃል። እዚያ ጥጥ ይሁን፣ በማሰሪያ ወደ ጎን ይታሰር፣ ምድጃውም ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። ወደ ግቢ የሚያወጣው በር ላይ ደግሞ ክረምት ጭቃ እንዳይነካው ከመሬት 5 ሳንቲሜትር ከፍ አድርጉት።