ለዌብሳይትዎ የኤስኤስኤል ሰርተፍኬት ሰጪ እንዴት ይመርጣሉ?

ኤስኤስኤል ሰርተፍኬት ጎብኚው ከዌብሳይትዎ ጋር የሚለዋወጠው መረጃ እንዲመሰጠር የሚያስችል ዲጂታል ማረጋገጫ ነው። ነጻ ሰርተፍኬትም ሆነ በብዙ ዶላር የተገዛ፣ ምስጠራው ያው ነው። ስለዚህ ሰጪ ሲመርጡ ከዋጋው ይልቅ የሚታደስበትን መንገድ ይመልከቱ።

መጀመሪያ ሆስቲንግዎን ይፈትሹ። ሲፓነል (የሆስቲንግ መቆጣጠሪያ ገጽ) ካለዎት ገብተው «ኤስኤስኤል/ቲኤልኤስ ስታተስ» የሚለውን ይክፈቱ። ሰርተፍኬት በራሱ የሚጭነው አውቶኤስኤስኤል በርቶ ከሆነ ነጻ ሰርተፍኬት ቀድሞ ተጭኖልዎት ይሆናል፤ ሌላ አይግዙ።

ቀጥሎ የማጣራት ደረጃውን ይወስኑ። ለአብዛኛው ድርጅትና ሱቅ ዶሜይኑ የእርስዎ መሆኑን ብቻ የሚያረጋግጠው ዲቪ ይበቃል። ኦቪና ኢቪ የተባሉት ከፍ ያሉ ደረጃዎች የድርጅቱን ሕጋዊ ሰነድ ጭምር ያያሉ፤ ውል ወይም ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ካላስገደደዎት ይለፏቸው። የድርጅት ስም በአድራሻው መስመር ላይ ይታያል ብሎ ኢቪ የሚሸጥልዎትን አይመኑ፤ ክሮምና ፋየርፎክስ ያንን ያነሱት በ2019 እ.ኤ.አ. ነው።

ዋናው ጉዳይ እድሳት ነው። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት በነጻ የሚሰጠው ሰርተፍኬት የተለመደው ዕድሜ 90 ቀን ነው። የሚገዛውም ቢሆን ከማርች 15 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ200 ቀን አያልፍም፤ በ2027 ወደ 100፣ በ2029 ወደ 47 ቀን ይወርዳል። «የሁለት ዓመት» ተብሎ ቢሸጥልዎትም በመሃል ደጋግሞ መተካቱ አይቀርም። ስለዚህ ሻጩን «አክሚን ትደግፋላችሁ ወይ?» ብለው ይጠይቁ፤ ሰርቨሩ በራሱ የሚያድሰው በዚህ ሥርዓት ነው። መልሱ «አይ» ከሆነ ሌላ ይፈልጉ። አክሚ ካለ ሰጪውን መቀየርም ቀላል ነው። ጎግል በ2024 ክሮም ኢንትረስት የተባለውን ሰጪ አዳዲስ ሰርተፍኬቶች መቀበል እንደሚያቆም ሲያስታውቅ፣ በእጅ የሚያድሱ ደንበኞች ነባሮቹ ጊዜያቸው ሲያበቃ አንድ በአንድ በሌላ ሰጪ ሰርተፍኬት መተካት ነበረባቸው።

በሰርቨርዎ ላይ ሰርትቦትን (በአክሚ ሰርተፍኬት የሚያወጣና የሚያድስ ነጻ ፕሮግራም) ከጫኑ የእድሳት ሙከራውን ወዲያው ያስኪዱ። ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው ሰጪው ለማጣራት የሚገባበት ፖርት 80 በፋየርዎል ስለሚዘጋ ነው። ሁሉንም ንዑስ ዶሜይን የሚሸፍን ዋይልድካርድ ከፈለጉ ሌትስ ኢንክሪፕት የሚሰጠው በዲኤንኤስ (የዶሜይኑ መዝገቦች በሚቀመጡበት ሥርዓት) ማረጋገጫ ብቻ ነው፤ ዲኤንኤስዎ በፕሮግራም የማይታዘዝ ከሆነ በየእድሳቱ በእጅ መዝገብ ሲያስገቡ ይኖራሉ። ሌትስ ኢንክሪፕት ከ2025 ወዲህ የማብቂያ ማስጠንቀቂያ ኢሜይል ስለማይልክ የራስዎን መከታተያ ያዘጋጁ።

ከገዙ ደግሞ አካውንቱ በድርጅቱ ኢሜይል ይከፈት። ውጭ አገር ባለ ዘመድ ካርድ ሲከፈል ይህ በጣም ይረሳል፤ ማደሻው ሲደርስ የይለፍ ቃሉ ሰውየው ጋር ይቀራል። ፕራይቬት ኪውን (የሰርተፍኬቱን ሚስጥራዊ ቁልፍ) ለማንም አይላኩ፤ ሻጩም ቢሆን አያስፈልገውም።

ከጫኑ በኋላ በኮምፒውተርም በስልክም ይሞክሩ። በኮምፒውተር ተከፍቶ በአንድሮይድ ስልክ ስህተት ካሳየ፣ አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው የእርስዎን ሰርተፍኬት ከሰጪው ዋና ሰርተፍኬት ጋር የሚያገናኘው መካከለኛው ሰርተፍኬት ነው። ሰርትቦት ከሚያወጣቸው ፋይሎች «ሰርት» የሚለውን ትተው «ፉልቼይን» የሚለውን ለሰርቨሩ ይስጡ። አዲሱ ሰጪ ጭራሽ አልሰጥም ካለ ዲኤንኤስዎ ውስጥ የሲኤኤ መዝገብ (ለዶሜይኑ ሰርተፍኬት መስጠት የሚፈቀድላቸውን የሚዘረዝር) ይፈልጉ፤ የቀድሞው ሰጪ ስም ብቻ ተጽፎበት ከሆነ አዲሱን ይጨምሩበት።