የጽዳት ድርጅት ከፍታችሁ ሰው ከቀጠራችሁ ስለ ኬሚካሉ እንዴት ነው የምትነግሯቸው (አሜሪካ ላላችሁ)

እዚህ አሜሪካ የጽዳት ሥራ ጀምራችሁ ሁለትም ሦስትም ሰው የቀጠራችሁ ይሄን አንብቡልኝ። ኦሻ የሚባለው የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት አሠሪ የሆነ ሰው ሠራተኛው የሚይዘው ኬሚካል ምን ጉዳት እንዳለው አስቀድሞ መንገር አለበት ይላል፣ ሕጉ በ1983 ሲወጣ ለፋብሪካ ነበር በኋላ ግን ሌላውንም ሥራ ያዘ፣ ትንሽ ድርጅት ነኝ ብሎ ማምለጥ የለም። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የሚቆጣጠረው የስቴቱ ቢሮ ነው፣ ግዴታው ግን ያው ነው።

መጀመሪያ ዕቃ የምታስቀምጡበትን ክፍል ክፈቱና ያለውን ኬሚካል በሙሉ በስሙ መዝግቡ። ከዛ ለእያንዳንዱ ሴፍቲ ዳታ ሺት የሚባለውን ወረቀት ከሸጠላችሁ ድርጅት ተቀበሉ፣ 16 ክፍል አለው፣ ቁጥር 2 አደጋውን፣ ቁጥር 4 የመጀመሪያ እርዳታውን፣ ቁጥር 8 ጓንትና መነጽሩን ይነግራችኋል። ሠራተኛው በሺፍቱ ሰዓት ማንንም ሳይለምን ሊያገኘው ይገባል፣ እናንተ ቢሮ ተቆልፎበት ከተቀመጠ የለም ማለት ነው። ስልክ ላይ መጫንም ይቻላል ግን ቤዝመንት ውስጥ ኔትወርክ ስለሚጠፋ እኔ በወረቀትም ጋሪው ላይ አደርገዋለሁ። ይሄን ሁሉ እንዴት እንደምትሠሩት ደግሞ በጽሑፍ ማስቀመጥ አለባችሁ።

ጠርሙሱ ላይ በጣም ተጠንቀቁ። እኔ ድሮ ማታ ማታ ቢሮ ሳጸዳ ምንም ያልተጻፈበት ስፕሬይ ነበር የሚሰጠኝ፣ ውሃ ይሁን ምን ይሁን አሽትቼ ነበር የምለየው፣ አሁን ሳስበው ያመኛል። ከጋሎኑ ወደ ትንሽ ጠርሙስ ከገለበጣችሁ ስሙንና አደጋውን ለጥፉበት፣ የገለበጠው ሰው ራሱ እዛው ሺፍት ላይ የሚጨርሰው ከሆነ ብቻ ነው ያለ ሌብል የሚፈቀደው። ሌብሉ ላይ ዴንጀር (አደገኛ) የሚለው ቃል ዋርኒንግ (ማስጠንቀቂያ) ከሚለው እንደሚብስም አስረዷቸው።

ትሬኒንጉ ሰውዬው ሥራ ሳይጀምር ነው፣ ደግሞ በሚገባው ቋንቋ። እንግሊዝኛ ለማይገባት እህታችን የእንግሊዝኛ ቪዲዮ ከፍቶ አስፈርሞ መላክ ማስተማር አይደለም። በአማርኛ ንገሯት፣ ትግርኛ ከሆነ በትግርኛ፣ ከዛ "እስቲ አንቺ ደግሞ ንገሪኝ" በሏት። በተለይ በረኪናን! ከአሞኒያ ወይም አሲድ ካለው የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ከተደባለቀ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል፣ እኛ ደግሞ ሁለት ሦስቱን ቀላቅለን ካላጸዳን የጸዳ አይመስለንም። ከሸተታቸው ጥለው ወደ አየር ይውጡ፣ መተንፈስ ካቃተው 911፣ ለምክር ደግሞ 1-800-222-1222 የመርዝ መረጃ መስመር ነው አስተርጓሚ አለው።

ጠይቃችሁ አታስቸግሩኝ የሚል አሠሪ አትሁኑ፣ ስለ ደህንነቱ የጠየቀን ሰው ሰዓት መቀነስ በሕግ የተከለከለ ነው። ርካሽ አግኝታችሁ ዕቃ ስትቀይሩም ዝርዝሩንና ወረቀቱን ቀይሩ፣ አደጋው አዲስ ከሆነ ሠራተኞቹን ሰብስባችሁ ጠርሙሱ ሳይከፈት ንገሯቸው።