ቅዳሜ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፦ በአዊ ደጋ የሦስት ቀን የሮክ ሙዚቃ ለምታሰናዱ

እንጀራዬ ድምፅ ነው። ዳንግላ ላይ አንድ አይሱዙ የሚሞላ ሳውንድ ሲስተም አለኝ፤ ሰርግም ይሁን ምረቃ የጠራኝ ሁሉ ጋ እሄዳለሁ። ልቤ ግን ጊታር ላይ ነው። ጃኖ ባንድ ሮክን በአማርኛ ያሰማን ጊዜ፣ "ይኼ ነገር ለካ በእኛም አፍ ያምራል" እያልኩ ሳልተኛ ነው ያደርኩት። አሁን አሁን ከባሕር ዳርም ከደብረ ማርቆስም ባንድ ያላቸው ልጆች እየደወሉ፣ "ጋሼ፣ እንጅባራ አካባቢ ሜዳ ላይ ሦስት ቀን ብናደርገውስ?" ይሉኛል። ይቻላል እላቸዋለሁ። እነሱ ስለ መድረኩ ስፋትና ስለ መብራቱ ይጠይቁኛል፤ እኔ መልሼ የምጠይቃቸው ሌላ ነው። ቅዳሜ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሙዚቃው ከቆመ በኋላ፣ ሰዋችሁ የት ነው የተኛው? ምን ለብሷል? ውኃ ቢጠማው፣ ሽንቱ ቢመጣ ወዴት ነው የሚሄደው? ይህን የመለሰ ሰው መድረኩ አያቅተውም።

ቀኑን ስትቆርጡ

ከሁሉ በፊት ሰላሙን ጠይቁ። መንገዱ ሰላም ካልሆነ ቀኑን ግፉት፤ ሙዚቃ ይደርሳል።

ክረምቱን እርሱት። አዊ ምድር ዝናቡ ቶሎ ገብቶ ዘግይቶ ይወጣል፤ ግንቦትም ቢሆን አይታመንም። እኔ የምመርጠው ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መያዣ ያለውን ጊዜ ነው። የገና ጾም ተፈትቷል፣ አዝመራው ገብቷል፣ መስኩ ደርቋል፣ ገበሬውም ትንሽ አረፍ ብሏል። ችግሩ ይኼው ጊዜ የሰርግ ወቅት መሆኑ ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ጀነሬተሩ፣ ድስቱ ሳይቀር ተይዟል። ለጥር የምትፈልጉትን ዕቃ መስከረም ላይ ቀብድ ካልሰጣችሁበት፣ ጥር ላይ በእጥፍ ዋጋ የተቀደደ ሸራ ነው የሚደርሳችሁ።

ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ነው። በዚያ ቀን አልጋም ሜዳም የፈረሰኛው ነው፤ አትጋፉ። ከበዓሉ ቀጥሎ ያለውን ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ብትይዙ ግን ለፈረሱ የመጣው እንግዳ ቆይቶ ይሰማችኋል። ከተቻለ ጨረቃዋ ወደ መሙላቱ የቀረበችበትን ሳምንት ምረጡ፤ መብራት ሲጠፋ ምን ያህል እንደምታግዝ የሚያውቀው በጨለማ ኬብል የፈለገ ሰው ነው።

ቦታው

ዘንገና ሐይቅ ዳር ይሁን የማይለኝ ሰው የለም። ሐይቁ ውብ ነው፤ ነገር ግን እሳተ ገሞራ የቆፈረው ጉድጓድ ነው፣ ዳሩ ቁልቁለት ነው፣ ዙሪያው ደን ነው። ሌሊት ሺህ ሰው ይዞ እዚያ ማደር ልክ አይደለም። ቀን ወስዳችሁ አሳዩአቸው፤ ማታ ሜዳ ላይ ይደሩ።

ሜዳው ደግሞ ብዙ ጊዜ የወል ግጦሽ ነው። የቀበሌው ደብዳቤ ብቻውን አይበቃም፤ ሽማግሌዎቹን ቁጭ ብላችሁ አነጋግሩ። እኔ አንድ ጊዜ ወረቀት ይዤ ሄጄ፣ አንድ አዛውንት ወረቀቱን ሳያዩት "አንተ ልጅ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ከብቱ የት ሊግጥ ነው?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። "አያ፣ ድርቆሽ እንገዛለን" አልኳቸው እንደ ምንም። ቀጠሉና "ፈረሱስ? ያ የምትመቱት ከበሮ ሌሊት ሲያጓራ ፈረስ ገመዱን በጥሶ ገደል ይገባል" አሉኝ። ያን ቀን ነው ስፒከር ከማቆሜ በፊት ጋጣ መቁጠር የጀመርኩት።

ርቀት በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ድምፅ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ ይቀንሳል። በጥር ሌሊት ግን ይህን ሒሳብ አትመኑት። ጀምበር ስትገባ መሬቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ከላይ ያለው አየር ሞቅ እንዳለ ይቀራል፤ ወደ ሰማይ ይሄድ የነበረው ድምፅ ታጥፎ ወደ መሬት ይመለሳል። ቀን ሲሞከር ያልተሰማበት መንደር ሌሊት ቤዙን አልጋው ሥር ይሰማዋል። ስለዚህ መድረኩ ጀርባውን ለመንደሩና ለቤተ ክርስቲያኑ ይስጥ። ሙዚቃው ማታ አምስት ሰዓት ላይ ይቁም። እሑድ ጥዋት ቅዳሴ ወጥቶ ሰዉ ቤቱ እስኪገባ አንድም ማይክ አይከፈት። ከቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ ጋር ይህን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ሲነገራቸው የሚከለክሉ አይደሉም።

ሌሊቱ

እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጥር ላይ ቀን ፀሐይ አናት ትበሳለች፣ ሌሊት ውርጭ ሣሩን ያነጣዋል። ከባሕር ዳር የሚመጣ ልጅ በቲሸርት ይመጣል፤ አልፈርድበትም፣ የእሱ አገር ጥር ሌላ ነው። ትኬቱ ላይ በትልቁ ጻፉለት፦ ጋቢ ብቻውን አይበቃም፣ ቡሉኮ ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ኮፍያ፣ ሁለት ካልሲ። ብርዱ በብዛት የሚገባው ከሥር ነው። ድንኳኑን ከመትከላችሁ በፊት ጭድ በደንብ አንጥፉ፣ በላዩ ሸራ፣ ከዚያ ፍራሽ። ጭዱ በዚህ ወቅት በየአውድማው ሞልቷል።

አሁን የምለውን አጥብቃችሁ ያዙልኝ። አዊ የከሰል አገር ነው፤ ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ የተባለው ዛፍ በየማሳው ነው፣ ከሰሉ በየመንገዱ ዳር በጆንያ ተደርድሯል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የበረደው ሰው ማንደጃውን ወደ ድንኳኑ ይጎትታል። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ አያስልም፤ ያስተኛና በዚያው ይወስዳል። ከሥር ያለው ጭድ ደግሞ ፍም ይጠብቃል። ስለዚህ ማሞቂያ እሳት ከድንኳኖቹ ራቅ ብሎ ሦስት ቦታ ይነደድ፤ እያንዳንዱ እስኪነጋ የሚጠብቀው ሰውና አጠገቡ አሸዋና ውኃ ይኑረው። ሁለት ሰው ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ በድንኳኖቹ መሐል ባትሪ ይዞ ይዙር። አረቄ ያሞቃል የሚለውንም አትስሙ፤ ቆዳውን አሙቆ የውስጡን ሙቀት ያስወጣል። ሰክሮ ሜዳ ላይ የተኛ ካለ አንስታችሁ እሳት ዳር አምጡት።

ውኃና ሽንት ቤት

ለተፈናቀሉ ሰዎች መጠለያ የሚሠራበት ስፊር የሚባል ዓለም አቀፍ መስፈርት አለ፤ ለሜዳም ይሠራል። ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ውኃ ይላል፦ ለመጠጥ፣ ለምግብና ለመታጠብ። ለሺህ ሰው 15,000 ሊትር ማለት ነው። ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ አንድ ቢኖራችሁ በየቀኑ ቦቴው ሁለት ጊዜ ይመጣል ማለት ነው፤ ቢቻል ሁለት ሮቶ ትከሉ።

ሽንት ቤት ቢያንስ ለ50 ሰው አንድ፤ ለሺህ ሰው 20። ከእነዚህ ውስጥ አሥራ አምስቱ የሴቶች ይሁኑ። ወንዶቹ አዘጋጆች ይኼን ስነግራቸው በዛ ይሉኛል። ሴት ልጅ በጨለማ ሰልፍ ቆማ፣ ወይም ቁጥቋጦ ፍለጋ ብቻዋን ርቃ እንዳትሄድ ነው። በእያንዳንዱ በር መብራት፣ ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያ፣ ውጭ ቧንቧ ያለው ጀሪካንና ሳሙና። ጉድጓዱ ከምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ከምንጩም በታች ይሁን።

ምግቡን ለአካባቢው እናቶች ስጡት፤ ዓርብ የጾም፣ ቅዳሜና እሑድ የፍስክ። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ፦ በዚህ ከፍታ ውኃ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። ንፍሮና ባቄላ ከባሕር ዳሩ ይልቅ ጊዜና እንጨት ይበላል። ሽሮ፣ ምስርና የአዊ ድንች ቶሎ ይደርሳሉ።

መብራት

አንድ ማታ የሆነውን ልንገራችሁ። የጊታሩ ማጉያ ከአንድ ጀነሬተር፣ የእኔ ሚክሰርና ማይኮቹ ከሌላ ነበር የተሰኩት። ልጁ ጊታሩን አንግቶ፣ ግራ እጁን ክሮቹ ላይ አድርጎ፣ "አንድ፣ ሁለት" ሊል ወደ ማይኩ ጠጋ አለ። ከንፈሩ ሳይደርስ በመሐል ሰማያዊ ነገር ብልጭ አለ፤ ጣ! የሚል ድምፅ በስፒከሩ ወጣ። ልጁ አፉን ይዞ ቁጢጥ አለ። ቴስተሬን አውጥቼ አንዱን ጫፍ ክሩ ላይ፣ ሌላውን ማይኩ ላይ ሳደርግ 90 ቮልት አነበበ። ሁለቱም ጀነሬተር ኧርዝ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚያወርድ መስመር፣ አልነበረውም፤ ያላየሁት እኔ ነኝ። ልጁ ከንፈሩ ተቃጥሎ ተረፈ። የዚያን ቀን ላብ አሁንም ሳስበው ይመጣብኛል።

ስለዚህ መድረክ ላይ ያለው ሁሉ ከአንድ ማከፋፈያ ይሰካ። ከሜትር ተኩል የማያንስ የኧርዝ ብረት መሬት ውስጥ ምቱ። የጥር አፈር ደርቆ የተሰነጠቀ ስለሆነ ኤሌክትሪክ በደንብ አያሳልፍም፤ ብረቱ ዙሪያ ጨው ያለበት ውኃ አፍስሱ፣ ጥዋትና ማታ ድገሙት። ማንም ከንፈሩን ወደ ማይክ ከማስጠጋቱ በፊት ክርና ማይክ በቴስተር ይለካ። ባንድ በተቀያየረ ቁጥር።

ጀነሬተር ስትከራዩ ላዩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አትግዙ። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። 100 ኬቪኤ (የጀነሬተር ጉልበት መለኪያ ነው) የተባለው እንጅባራ ላይ 75 ቢሰጣችሁ ነው። ናፍጣውን ከሳምንት በፊት አስገቡ፤ በጀሪካን ለመቅዳት ደብዳቤ ሊጠየቅ ስለሚችል አስቀድማችሁ አጽፉ።

መድረኩና ሰዉ

ሰርግ ላይ አንድ ኪቦርድና አንድ ዘፋኝ በ10 ደቂቃ ይቀያየራሉ። የሮክ ባንድ እንዲያ አይደለም፤ ድራሙ ብቻውን ሰባት ስምንት ማይክ ይፈልጋል። ድራሙና የቤዝ ማጉያው ለሁሉም ባንድ አንድ ይሁን፣ በባንድና በባንድ መካከል 30 ደቂቃ ያዙ። የድምፅ ሙከራውን ከመጨረሻው ባንድ ጀምራችሁ ወደ መጀመሪያው ውረዱ፤ ከፋቹ ባንድ እንደሞከረ ይጀምራል። በ1969 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የተደረገው ዉድስቶክ የሚባለው ትልቅ የሙዚቃ ድግስ ሦስት ቀን ተብሎ ሰዓቱ እየተገፋ አራተኛ ቀን ገባ፤ መዝጊያ የነበረው ጊታር ተጫዋቹ ጂሚ ሄንድሪክስ የወጣው ሰኞ ጥዋት፣ አብዛኛው ሰው ከሄደ በኋላ ነው።

ከመድረኩ ፊት በአንድ ካሬ ሜትር ከ4 ሰው በላይ አይቁም። በ2000 እ.ኤ.አ. ዴንማርክ፣ ሮስኪልድ በሚባል የሙዚቃ ድግስ ላይ ፐርል ጃም የተባለው የሮክ ባንድ እየተጫወተ ከኋላ በመጣ ግፊት 9 ወጣቶች ከመድረኩ ፊት ሞተዋል። አጥር በክፍል በክፍል ይሁን፣ መሐሉ ሰው ማውጫ መንገድ ይኑረው። ሙዚቃውን ወዲያው የማስቆም ሥልጣን ያለው አንድ ሰው ሚክሰሩ አጠገብ ይቁም፤ እሱ እጁን ሲያነሳ እኔ አልጠይቅም፣ እዘጋለሁ። ድምፁን ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ካወጣው ልክ አላሳልፍም፦ በ15 ደቂቃ አማካይ 100 ዴሲቤል። የጆሮ መድፈኛ በር ላይ ይሸጥ። ጥጥ ብዙም አይከላከልም። ሕፃን ያዘለች እናት ከመጣች ከኋላ፣ ከስፒከሩ ርቃ የምትቀመጥበት ዳስ ይኑር።

ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዕቃ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ ዓባይ በረሃን ወርዶና ወጥቶ ነው የሚደርሰው። ረቡዕ ይነሳ፤ ጎህ ጽዮን ሳይመሽ ይድረስ፣ በረሃውን በቀን ይለፍ።

ሰኞ ጥዋት

ሚስማር፣ የኬብል ማሰሪያ፣ የውኃ ፕላስቲክ፣ የጊታር ክር። ላም ይህን ከሣር ጋር ትውጠዋለች። ሃያ ሰው በአንድ መስመር ክንድ ለክንድ ተራርቆ ጆንያ ይዞ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ይሂድ፤ ከዚያ ተሻግሮ ይመለስ። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ተደፍኖ አፈሩ ከፍ ተደርጎ ይከመር፤ ክረምቱ ያስተካክለዋል። ሲጨርሱ ሽማግሌዎቹን ጥሩና ሜዳውን አብራችሁ ዙሩ። ያ አዛውንት ዱላቸውን እያስቀደሙ፣ ሣሩን ገለጥ እያደረጉ ነው የሚሄዱት፤ አትቸኩሉባቸው። የሠራተኛውን የመጨረሻ ክፍያ የምትከፍሉት እሳቸው "ከብቱ ይግባ" ካሉ በኋላ ነው።